ሞተር ሲያንኳኳ፤ ስለ አውቶሞቢል ድምፅ ለቤተሰብ የሚሆን ምክር



ሸክላ ምጣድ ልትገዛ ገበያ የወጣች ወይዘሮ ዕቃውን በዓይኗ አይታ ብቻ ዋጋ አትቆርጥም። በአንድ እጇ አንሥታ በሌላው እጇ ጣት አንኳኩታ ታዳምጣለች። ደኅናው ምጣድ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ስንጥቁ ለዓይን ባይታይ እንኳ ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ይህንን ጥበብ ከእናቷ ወረሰችው እንጂ ከትምህርት ቤት አልተማረችውም። በዚህ ወር በዓምዳችን የምንነጋገርበት ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ የሚደመጠው ዕቃ በደጃችን የቆመው አውቶሞቢል መሆኑ፣ ሳያዳምጡት የቀሩ እንደ ሆነም የሚደርሰው ጉዳት ከአንድ ምጣድ ዋጋ እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ነው።

በአዲስ አበባ መርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚባለውን ሠፈር የማያውቅ ባለቤት ጥቂት ነው። ስሙ እንደሚነገረው አሮጌ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች የቤት እመቤቶችን «የሚሸጥ ምን አለሽ?» እያሉ ከመጠየቃቸው የመጣ ነው። መርካቶ ራሱ በዚያ ስፍራ የተቋቋመው ኢጣልያ አገራችንን በያዘችበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የከተማው ዋና ገበያ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። የገበያው ስም ኢጣልያንኛ እንደ ሆነ ሁሉ የመካኒኮቻችንም ቋንቋ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ቋንቋ ቃላት የተሞላ ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ የሚሉትን ቃላት ያልለመደ ሰው በጋራዥ ውስጥ እንደ እንግዳ ቆሞ ይቀራል።

በምን አለሽ ተራ የመዶሻ ድምፅ ከጧት እስከ ማታ አይቋረጥም። በዚያ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ ቆርቆሮ ተቃንቶ ማንቆርቆሪያ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። የመኪና ክብደት የሚያርፍበት የባሌስትራ ብረትም በባለ እጆች መዶሻ ተቀጥቅጦ መጥረቢያና ቢላዋ ሆኖ ይወጣል። ለአንዱ ውዳቂ የሆነው ለሌላው እንጀራ ነውና ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በኪሎ ተመዝኖ ወደ አሮጌ ብረት ገበያ የሚገባው ሞተር ሁሉ ዕድሜውን ጨርሶ የገባ አይደለም። ከመካከሉ ባለቤቱ በጊዜ ቢያዳምጠው ኖሮ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችል የነበረ ይገኝበታል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ ያመጣላቸውን አውቶሞቢል በተቀበሉ ጊዜ መኪና የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን መኪና ለብዙ ቤተሰብ የዕለት ጉርስ ማግኛ ነው። ታክሲ ነድቶ ልጆቹን የሚያስተምር አባት ሞተሩ የቆመ ቀን ቤቱም አብሮ ይቆማል። ከዚህም በላይ የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ሞተር በሌላ እንተካዋለን ብለን ቸል ልንለው አይገባም።

ማዳመጥን ሐኪሞችም ያከብሩታል። አውንብሩገር የተባለው የኦስትርያ ሐኪም የበሽተኛን ደረት በጣት እያንኳኩ ሕመሙን የመለየትን ዘዴ በ1761 እ.ኤ.አ. አሳትሞ አወጣ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ስለ ነበረ፣ በርሜል ሲንኳኳ የጠጁ ልክ እንደሚታወቅ በልጅነቱ አይቶ ነው ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላዌኔክም በ1816 እ.ኤ.አ. የልብና የሳንባ ማዳመጫውን ፈለሰፈ። የኛም መካኒክ ረጅም ካቻቪቴ ይዞ ጫፉን በሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን በጆሮው አጥንት ላይ አስደግፎ ሲያዳምጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ብረት ድምፅን ከአየር ይልቅ አጥርቶ ያስተላልፋልና። ይህን ለማድረግ የሚሻ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ነጠላውን፣ ከረባቱን፣ የተንዘረፈፈ እጅጌውን ይሰብስብ። የሚሽከረከር ቺንጋና ማራገቢያ ጨርቅን ይዞ እጅንና አንገትን ይጎትታል። ሕፃናትም ከአጠገብ ይራቁ።

ወደ ጋራዥ ከመሄዳችን በፊት አምስት ጥያቄዎችን ራሳችን ጠይቀን መልሱን በወረቀት ብንጽፍ ይበጃል። ድምፁ የሚሰማው ሞተሩ ብርድ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? የሚመጣው ከላይ፣ ከታች ወይስ ከፊት ነው? ፍጥነቱ የሚከተለው ሞተሩን ነው ወይስ መንኰራኵሩን? ዳገት ሲወጡ፣ ነዳጅ ሲረግጡ፣ ሲለቁ ወይስ ፍሪሲዮን ሲጫኑ ይለወጣል? ከድምፁ ጋር ጢስ፣ ሽታ፣ ሙቀት ወይም የዘይት መብራት ይታያል? መካኒኩን «ሞተሩ ድምፅ አለውና እይልኝ» ያለው ሰው ግምት ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። «ጧት የለም፤ ከሞቀ በኋላ ከታች ይንኳኳል፤ ነዳጅ ስረግጥ ይብሳል» ያለው ግን የሥራውን እኩሌታ ጨርሶ መጥቷል። አሁን ድምፆቹን በየተራ እንመልከት።

አንደኛው ከሞተሩ ራስ ከቴስታታው በኩል የሚሰማ ቀጭንና ፈጣን ትክትክታ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ዋናው የሞተር ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር የአንድ ቫልቭ ትክትክታ 400 ያህል ነው። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው መጀመሪያ ዘይቱን ይይ፤ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለካ። ዘይቱ ሙሉ ከሆነ የቫልቮቹ ክፍተት ሰፍቶ ይሆናል። ይህ ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። በከተማችን በብዛት ይታዩ በነበሩት በኋለኞቹ የጥንዚዛ ቅርጽ ቮልስዋገኖች ለምሳሌ ሞተሩ ብርድ ሳለ 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ በቀጭን የመለኪያ ብረትም ይስተካከላል። ትክትክታው ጧት ለጥቂት ሰከንድ ተሰምቶ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። በሌላ ወገን ደግሞ ክፍተቱ ከሚገባው በላይ ጠቦ ቫልቩ ሳይገጥም የቀረ እንደ ሆነ ሞተሩ ዝም ብሎ ቫልቩን ያቃጥላል። ስለዚህ ጸጥታ ብቻውን የጤና ምልክት አይደለም።

ሁለተኛው ከሁሉ የሚያስፈራው ነው፤ ከታች ከዘይት መያዣው ከኮፓ በኩል የሚመጣ ከባድ ኳኳታ። ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ቢዬላ ይባላል። በቢዬላውና በዘንጉ መካከል ብሮንዚን የሚባል ለስላሳ ብረት አለ። ብሮንዚኑና ዘንጉ በደኅናው ቀን አይነካኩም፤ ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ ጥቂት እጥፍ ብቻ የሚሆን የዘይት ስስ ሽፋን ይለያያቸዋል። ዘይቱ ሲጎድል፣ ሲቆሽሽ ወይም በሙቀት ሲቀጥን ያ ሽፋን ይጠፋል፤ ብረት ከብረት ይገናኛል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ቢዬላው በየዙሩ ዘንጉን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ድምፁ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይብሳል፤ ነዳጅ ረግጠው ወዲያው ሲለቁም ይጎላል። የትኛው ሲሊንደር እንደ ሆነ ለማወቅ መካኒኩ የየካንዴላውን እሳት በየተራ ያቋርጣል። የታመመው ሲሊንደር እሳት ሲያጣ ኳኳታው ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ይህ ሥራ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ያለበት ስለ ሆነ ለባለሙያው ይተው።

ይህ ድምፅ የተሰማ ዕለት «እስከ ቅዳሜ ልሥራበት» ማለት አይገባም። እንበል አንድ የታክሲ ባለንብረት ኳኳታውን ሰኞ ሰምቶ ወዲያው ቢያቆም፣ ዘንጉ ገና ካልተፋቀ፣ ብሮንዚንና ዘይት ለውጦ፣ ዘይቱ የጎደለበትንም ምክንያት አስፈልጎ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ጥቂት ቀን ቢዘገይ ዘንጉ ይቦረቦራል፤ በማሽን ተሞርዶ ከልኩ ጋር የሚስማማ ብሮንዚን መግጠም ግድ ይሆናል። ከዚያም ቢገፋበት ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን አካል ቀዶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው መንገድ ወደ ሚዛኑ ብቻ ነው። በሰኞና በቅዳሜ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ የብዙ ወር ገቢ ሊሆን ይችላል። የዘይት መብራት ሲበራማ ጥያቄ እንኳ የለውም፤ መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ ሞተሩን በዚያችው ደቂቃ ማጥፋት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሦስተኛው ጧት ሞተሩ ብርድ ሳለ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ባዶ እንጨት እንደ መምታት ያለ ድምፅ ነው። ይህ የሚሆነው ፒስተኑ ወይም የሚመላለስበት ሲሊንደር አልቆ ፒስተኑ ግድግዳውን ሲመታ ነው። ሙቀት ፒስተኑን ስለሚያሰፋው ድምፁ ይጠፋል። የእርጅና ምልክት ነው እንጂ የዕለት አደጋ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሞተር ገና እንደ ተነሣ አስጩኸው አይንዱት፤ ዘይቱንም በየጊዜው ይቆጣጠሩ።

አራተኛው ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ የሚሰማ፣ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደ ማንኳኳት ያለ ድምፅ ነው። ነዳጁ በሥርዓቱ መቃጠሉን ትቶ በሲሊንደሩ ውስጥ በድንገት ሲፈነዳ ይህ ድምፅ ይፈጠራል። ምክንያቱ የእሳቱ ሰዓት መቅደም፣ የቤንዚኑ ጥራት ማነስ፣ የሞተሩ ከልክ በላይ መሞቅ ወይም ጥላሸት መከማቸት ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ስሱ አየርም ይህን ሕመም ይሸፍነዋል። ለዚህ አየር ተብሎ የእሳቱ ሰዓት እንዲቀድም የተደረገ አሮጌ ሞተር ወደ ቁልቢ ገብርኤል ለመሳለም ሲነሣ በእንጦጦ ዳገት ያልተሰማበት ድምፅ ከ1,000 ሜትር ብዙም ከማይርቀው ከመተሐራ ቆላ፣ በሙቀትና በወፍራም አየር ውስጥ ይሰማበታል። መኪናው ሰውና ስንቅ ጭኖ ሲሆን ይብሳል። መድኃኒቱ ለጊዜው ወደ ቀላል ማርሽ መለወጥና የነዳጁን መርገጫ ማላላት ነው፤ ለዘለቄታው ደግሞ ከጉዞ በፊት የእሳቱን ሰዓትና የራዲያተሩን ውሃ ማስመርመር ነው። በቸልታ የታለፈ እንደ ሆነ ፒስተኑን ይበሳል።

አምስተኛው ከሞተሩ ፊት የሚወጣ ጩኸት ነው። በክረምት ጧት እንደ ፉጨት ጮኾ የሚተው የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ነው። የማያቋርጥ ማጉረምረም ከሆነ ግን የውሃው ፖምፓ ወይም የዲናሞው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ ቺንጋውን ፈትቶ ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ቢያስነሣውና ድምፁ ቢጠፋ፣ ሕመሙ ቺንጋው ከሚያዞራቸው ዕቃዎች በአንዱ ላይ ነው። በአንዳንዱ መኪና ግን ቫልቮቹን የሚያዞረውን ዋና ቺንጋ መንካት ሞተሩን ያጠፋልና፣ ይህን ያልለመደ እጅ አይሞክረው።

ስድስተኛው ከኪስ ብቻ ሳይሆን ከነፍስ ጋር የተያያዘ ነው። ማርሚታው ወይም ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ስፍራ ሲቀደድ ፍስ ፍስ ወይም ፑፍ ፑፍ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ሰው «ጩኸት ብቻ ነው» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን ከዚያ ቀዳዳ የሚወጣው ጢስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። መስኮት በተዘጋበት መኪና ውስጥ ልጆች ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ሲያቅለሸልሻቸው፣ ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ ሲጥላቸው መኪናውን አቁመው ወደ ንጹሕ አየር ያውጧቸው፤ ማርሚታውም ሳይጠገን እንደገና አይሳፈሩ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መቆየትም በማናቸውም ምክንያት አይፈቀድ።

ከሞተሩ የመጡ የሚመስሉ ነገር ግን ያልሆኑ ድምፆችም አሉ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲጮኽ የማይሰማ፣ በመንገድ ላይ ግን ከመንኰራኵሩ ፍጥነት ጋር የሚጨምር ድምፅ ከሞተሩ ሊሆን አይችልም። ሲታጠፉ የሚለወጥ ማጉረምረም የመንኰራኵር ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ሲይዙ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው የፍሬን ሸራ ማለቅ ነው። ድምፅ አልባ የተባሉት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከእነዚህ ነጻ አይደሉም፤ ሞተራቸው ዝም ስላለ ፍሬናቸውና ኩሽኔታቸው በይበልጥ ይሰማል።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ዕቃ ፍለጋ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምን አለሽ ተራም ሆነ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው፣ የተበላሸውን ዕቃ ይዞ ይሂድ፤ ቃል ያሳስታል፣ ናሙና ግን አያሳስትም። የፈሰሰ ብረት የሆነውን ዕቃ አንጠልጥሎ በትንሽ ብረት ያንኳኳው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ለስንጥቅ ይጠርጥረው። ጥርት ያለ ድምፅ መስጠቱ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንምና ቴስታታን የመሰለ ዕቃ ሳይገጠም በባለሙያ ይመርመር። መሸፈኛ፣ በር፣ ማሠሪያና የመሰለውን ያገለገለ ቢገዙ ጉዳት የለውም። የፍሬን ሸራ፣ ብሮንዚን፣ ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋና የመሪ መገጣጠሚያ ግን አዲስ መሆን አለባቸው፤ እነዚህ ዕድሜያቸው በዓይን የማይታወቅ፣ ሲያልቁም ሰው የሚጎዱ ናቸውና።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። ከሚገባው ዋጋ እጅግ የረከሰ፣ ከየትኛው መኪና እንደ ወጣ ሻጩ ሊናገር የማይወድ ዕቃ ሲያጋጥም ትቶ መሄድ ይገባል። ሌሊት ከሌላ ሰው ደጅ የተነቀለ እስፖኪዮ ወይም መብራት ገዢ ባያገኝ ኖሮ ባልተነቀለም ነበር። በርካሽ የገዛ ሰው የነገውን የራሱን ጉዳት ዛሬ በገንዘቡ ማዘዙ ነው። ደረሰኝ መጠየቅ ቅን ነጋዴን አያስቀይምም።

በመጨረሻም ለአባወራዎችና ለእማወራዎች የምንመክረው ቀላል ነገር ነው። በሳምንት አንድ ቀን ራዲዮኑን ዘግታችሁ፣ መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ረጅም የግንብ አጥር ባለበት መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ግንቡ የመኪናችሁን ድምፅ መልሶ ያሰማችኋል። የደኅናውን ቀን ድምፅ ያወቀ ሰው የሕመሙን ቀን ድምፅ ለመለየት አይቸገርም። ሾፌራችሁ ወይም ልጃችሁ «መኪናው ዛሬ ሌላ ድምፅ አለው» ሲላችሁ ደግሞ ወጪን ፈርታችሁ አትቆጡት። የተቆጡት ሾፌር በሚቀጥለው ጊዜ ሰምቶ ዝም ይላል፤ ሞተሩ ግን ዝም የሚለው ከተሰበረ በኋላ ነው።